የሞለኪዩላርና የሕዋስ ባዮሎጂ እንዲሁም የጄኔቲክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት፦ ምንነቱ፣ አካሄዱና አመልካቾች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ወባማ በሆነ አካባቢ በሚገኝ ጤና ኬላ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሕመምተኛ ከጣቱ ጥቂት ደም ተወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ይመረመራል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በመመርመሪያው ላይ የሚታየው ቀጭን መስመር ሕክምናው ምን እንደሚሆን ይወስናል። ለፋልሲፓረም ወባ በስፋት ሲያገለግል የቆየው መመርመሪያ የሚፈልገው ተሕዋሲው የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይሁን እንጂ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል ከተሕዋሲው ላይ ጠፍቶ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ወባ እያለበት መመርመሪያው «የለበትም» ሊል ይችላል።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2021 ታትሟል። በጥናቱ ግምት መሠረት፣ በዘረመሉ መጥፋት ምክንያት በዚህ ዓይነት መመርመሪያ ሳይታወቁ ሊያልፉ የሚችሉት የፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን ወደ 10 በመቶ ይጠጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አኃዙ ከ5 በመቶ ሲበልጥ ሀገራት በኤችአርፒ2 ላይ ብቻ ከተመሠረተ መመርመሪያ ወደ ሌላ ዓይነት እንዲሸጋገሩ ይመክራል። በመሆኑም በቤተ ሙከራ ውስጥ የተገኘ አንድ ውጤት በሀገር አቀፍ ደረጃ የትኛው መመርመሪያ ይገዛ የሚለውን ውሳኔ የሚነካ ሆኗል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሳትና ተዓማኒ ምላሽ ለመስጠት የሚያስችለው ሙያ የሚገኘው በሞለኪዩላር ባዮሎጂ፣ በሕዋስ ባዮሎጂና በጄኔቲክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው። ይህ ጽሑፍ የትምህርት መስኩን ምንነት፣ ለሀገራችን ያለውን ፋይዳና የትምህርቱን አካሄድ ያብራራል። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ ወጣቶች ከማመልከታቸው አስቀድመው ሊመለከቷቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመላክታል።

ሦስቱ ዘርፎችና ትስስራቸው

ሕያዋን ፍጥረታት በሙሉ የተገነቡት ከሕዋስ ነው። በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃን የሚይዘው ዲኤንኤ ሲሆን፣ መረጃው የተጻፈው ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ተብለው በሚጠሩ አራት ኬሚካላዊ ፊደላት ቅደም ተከተል ነው። የሰው ልጅ ሙሉ የዘር መረጃ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ፕሮቲን የሚያሠሩ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ዘረመሎችን ይዟል። ከዲኤንኤ ላይ ያለው መመሪያ በመጀመሪያ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ ቀጥሎም በአርኤንኤው መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ምግብ የሚፈጨው፣ ኦክስጅን በደም ውስጥ የሚጓጓዘውና ሰውነት በሽታን የሚከላከለው በፕሮቲኖች አማካይነት ነው።

ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ይህን የመረጃ ፍሰት በሞለኪዩል ደረጃ ያጠናል። የሕዋስ ባዮሎጂ ደግሞ ሕዋስ እንዴት እንደሚያድግ፣ እንደሚከፈል፣ ከሌሎች ሕዋሳት ጋር እንደሚግባባና እንደሚሞት ይመረምራል። ጄኔቲክስ ባሕርያት ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፉና በአንድ ሕዝብ ወይም ዝርያ ውስጥ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያጠና ዘርፍ ሲሆን፣ መሠረቱም ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት ተጥሏል። የዲኤንኤ ጥምዝ መሰላል መሰል ቅርጽ በ1953 ከታወቀ በኋላ ሦስቱ ዘርፎች ይበልጥ እየተቀራረቡ መጥተዋል።

ትስስራቸውን በመግቢያችን ባነሳነው የወባ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ባለሙያ የኤችአርፒ2 ዘረመል በናሙናው ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ ከጠፋም ዲኤንኤው የተቆረጠው ከየት ላይ እንደሆነ ይጠይቃል። የሕዋስ ባዮሎጂ ባለሙያ ፕሮቲኑ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለሚኖረው ተሕዋሲ ምን እንደሚያገለግለውና ፕሮቲኑን ያጣው ተሕዋሲ እንዴት መኖር እንደቻለ ያጠናል። የጄኔቲክስ ባለሙያው ደግሞ ዘረመሉን ያጡ ተሕዋስያን በምን ፍጥነትና በምን ምክንያት ከቦታ ወደ ቦታ እንደተዛመቱ ይመረምራል። ሦስቱም ካልተጋገዙ የችግሩ ምስል ሙሉ አይሆንም።

ለሀገራችን ያለው ፋይዳ

የመስኩ ጥቅም በወባ መመርመሪያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ከተማ የተሰበሰቡ የወባ ትንኞች በአካላዊ ገጽታቸው ለየት ብለው በመገኘታቸው የዲኤንኤ ቅደም ተከተላቸው ተነበበ። ውጤቱም ትንኞቹ መነሻቸው ደቡብ እስያ የሆኑ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ መሆናቸውን አረጋገጠ። ይህ ትንኝ እንደ በርሜል፣ ታንከርና ጉድጓድ ባሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የሚራባ በመሆኑ በገጠር ታውቆ የኖረውን ወባ ወደ ከተሞች ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ከዚሁ ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ተመልክቷል። ትንኙ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የመከላከያውን ስልት በትክክል መምረጥ አይቻልም።

በግብርናው ዘርፍ አቀንጭራ የማሽላ አምራቾችን ለረጅም ዘመን ሲፈትን የኖረ አረም ነው። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚለቀው ኬሚካላዊ ምልክት ሲደርሰው ይበቅላል፤ ከዚያም ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን ይመጥጣል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ግንኙነት በማጥናት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ለማውጣት በቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉትም ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ላይ ባከናወኑት ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተማሩት በቀድሞው የዓለማያ ኮሌጅ ሲሆን፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሀገራችን የበርካታ ሰብሎች የዘር ሀብት ባለቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ገብስ ውስጥ የተገኘ የዘረመል ዓይነት፣ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም በመሆኑ በአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ በስፋት ጥቅም ላይ ውሏል። የጤፍ ሙሉ የዘር መረጃም እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቦ ታትሟል። ጤፍ 40 ክሮሞዞሞች ያሉትና ከሁለት የተለያዩ የዘር ግንዶች የተዋሐደ ሰብል በመሆኑ፣ በብዛት አንድ ባሕርይን የሚመለከት ዘረመል ከአንድ በላይ ቅጂ ይኖረዋል። አገዳው በነፋስና በዝናብ እንዳይጋሸብ ለማድረግ የሚሠራ ተመራማሪ ይህን ማወቅ ይኖርበታል፤ አንዱን ቅጂ ብቻ ቢለውጥ ሌላው ሥራውን ሊቀጥል ይችላልና። ሌሎች ሀገራት በስንዴና በሩዝ ላይ ከፍተኛ ገንዘብ ያፈስሳሉ፤ ስለ ጤፍ፣ ስለ እንሰትና ስለ ኑግ የሚነሡ ጥያቄዎች ግን በዋናነት የሚጠብቁት ከእኛው ተመራማሪዎች ነው።

ትምህርቱ የሚሰጥባቸውና ባለሙያዎች የሚሠሩባቸው ተቋማት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮቢያል፣ ሴሉላርና ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ትምህርት ክፍል፣ የባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት በመስኩ ይሠራሉ። የመጨረሻው የተሰየመው የእንዶድን ቀንድ አውጣ የማጥፋት ኃይል በማጥናት የብልሃርዝያ በሽታን ለመከላከል በሠሩት በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በባዮቴክኖሎጂ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ማሻሻልና ተያያዥ ዘርፎች የሚታወቁ ሲሆን፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተቀራራቢ መርሐ ግብሮችን ይሰጣሉ።

ከዩኒቨርሲቲዎች ውጪ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ ተቋም፣ የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንዲሁም የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመስኩን ባለሙያዎች የሚያሳትፉ ተቋማት ናቸው።

በአንዳንድ አመልካቾች ዘንድ የሚስተዋለውን አንድ የግንዛቤ ክፍተት ማረም ያስፈልጋል። በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ወይም በጄኔቲክስ የተሰጠ ሁለተኛ ዲግሪ ሕመምተኛን የመመርመርና መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ አያስገኝም። ተመራቂው የሚሰማራው በምርምር፣ በማስተማር፣ በቤተ ሙከራ ሥራ፣ በዘር ማሻሻል፣ በክትባትና መድኃኒት ምርት እንዲሁም በጥራትና ደኅንነት ቁጥጥር ላይ ነው።

የትምህርቱ አካሄድ

እንደየተቋሙ ዝርዝሩ ቢለያይም፣ ሁለተኛ ዲግሪ በመደበኛነት ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ አራት ዓመት ያህል የሚጠይቅ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሞለኪዩላር ባዮሎጂን፣ ባዮኬሚስትሪን፣ ጄኔቲክስን፣ የሕዋስ ባዮሎጂን፣ ስታቲስቲክስን፣ የምርምር ዘዴንና ባዮኢንፎርማቲክስን የመሳሰሉ ኮርሶችን ይወስዳል። በሁለተኛው ዓመት የጥናት ንድፈ ሐሳብ አቅርቦ ያጸድቃል፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያገኛል፤ ናሙና ይሰበስባል፤ በቤተ ሙከራ ይሠራል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፉን በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት አቅርቦ ይከላከላል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ተማሪው የሚቀስመው ዋናው ዕውቀት መሣሪያ መያዝ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ውጤት መጠራጠርና መፈተን መማር ነው። ለዚህ ፒሲአር የተባለው ዘዴ ጥሩ ማሳያ ነው። ፒሲአር የተመረጠን የዲኤንኤ ቁራጭ በተደጋጋሚ ዙር የሚያባዛ ዘዴ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ናሙናው እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ይለያያሉ፤ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ከተፈለገው ቦታ ጋር ይጣበቃሉ፤ ከዚያም በ72 ዲግሪ ገደማ አዲሱ ክር ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር ቁጥሩ በእጥፍ ቢያድግ፣ ከአንድ ቅጂ የተነሣው ከ30 ዙር በኋላ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል።

የዘዴው ኃይል የአደጋው ምንጭም ነው። ቀደም ሲል ከተሠራ ሙከራ የተረፈች ዓይን የማያያት ጠብታ ወደ አዲሱ ቱቦ ብትገባ እርሷም በቢሊዮን ትባዛለች። በመሆኑም በእያንዳንዱ ሙከራ ናሙና ያልተጨመረበት፣ በምትኩ ንጹሕ ውኃ የገባበት መቆጣጠሪያ ቱቦ አብሮ ይሠራል። በዚያ ቱቦ ውስጥ ውጤት ከታየ የቀኑ ሥራ በሙሉ ተጥሎ ከመነሻው መደገም አለበት። ለመመረቅ የቸኮለ፣ ኬሚካል ያለቀበት ወይም በመብራት መቆራረጥ የተፈተነ ተማሪ ይህን ውጤት እንዳላየ ለማለፍ የሚፈተንበት ጊዜ ይኖራል። ሙያው የሚለካውም እዚህ ላይ ነው።

የኤችአርፒ2 ጥናት ከዚህም የጠነከረ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘረመሉ በፒሲአር አለመታየቱ ብቻ ጠፍቷል ለማለት አያበቃም፤ ደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋሲ እጅግ ጥቂት ሆኖ ወይም ናሙናው በአያያዝ ጉድለት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ከዚያው ናሙና የተሕዋሲው ሌሎች ዘረመሎች በሚገባ መባዛታቸውን አስቀድሞ ማሳየት አለበት። አለማግኘት በራሱ አለመኖርን አያረጋግጥም። ይህ ጥንቃቄ ቢጓደል ሀገር የሚሠራ መመርመሪያ ያለ በቂ ምክንያት ልትጥል፣ ወይም የማይሠራውን ይዛ ልትቀጥል ትችላለች።

የሥነ ምግባርና የሕግ ግዴታዎች

ከሰው በሚወሰድ ናሙና ላይ የሚደረግ ጥናት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ አለበት፤ ናሙናውን የሚሰጠው ሰውም የጥናቱን ዓላማ በሚገባው ቋንቋ ተረድቶ በፈቃዱ መስማማት ይኖርበታል። የዘረመል መረጃ የግለሰቡን ብቻ ሳይሆን የወላጆቹን፣ የልጆቹንና የወንድም እኅቶቹን ምሥጢር ስለሚነካ በጥብቅ ሊጠበቅ ይገባል።

የሀገሪቱን የዕፅዋት፣ የእንስሳትና የጥቃቅን ተሕዋስያን የዘር ሀብት በሚመለከት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጀነቲክ ሀብት አጠቃቀምንና ከጥቅሙ መጋራትን ይደነግጋል። ናሙና ወደ ውጭ ሀገር ቤተ ሙከራ የሚልክ ተማሪ ከመላኩ በፊት ፈቃድ ማግኘትና ናሙናው ለምን ዓላማ ብቻ እንደሚውል በጽሑፍ መዋዋል አለበት። ልውጥ ሕያዋንን የሚመለከት ሥራ ከሆነም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 እና ማሻሻያው ተፈጻሚ ይሆናሉ።

የጤፍ ጉዳይ የዚህን ጥንቃቄ አስፈላጊነት ያስረዳል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የኢትዮጵያን ጤፍ ለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ2005 ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ፣ በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ዝግጅት ላይ የፈጠራ መብት በ2007 ተሰጥቶታል። በኔዘርላንድ የሚገኘው የሄግ ፍርድ ቤት ይህ መብት በዚያ ሀገር ዋጋ የሌለው መሆኑን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በእነዚህ ዓመታት ሀገራችን ከስምምነቱ የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። ስለዚህ በትንሽ ቱቦ የሚላክ ናሙና የሀገር ሀብት መሆኑን እያንዳንዱ ተማሪ ሊገነዘብ ይገባል።

አመልካቾች አስቀድመው ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ለመግባት የሚያበቁ ዋና ዋና መስፈርቶች በተዛማጅ መስክ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤትና ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣቸው ተጨማሪ መመዘኛዎች ናቸው። በባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ፣ በእንስሳት ሕክምና፣ በፋርማሲና በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቁ ሊያመለክቱ የሚችሉባቸው መርሐ ግብሮች አሉ። ሆኖም መስፈርት ማሟላት ብቻውን ለመምረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም። አመልካቾች የሚከተሉትን እንዲያጤኑ ይመከራል።

1. የማጠናው ጥያቄ ምንድን ነው? የመርሐ ግብሩ ስያሜ ሳይሆን ጥያቄው ይቅደም። ጥያቄውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለቤተሰብ አባል ማስረዳት ካልተቻለ ገና አልጠራም ማለት ነው።

2. በመስኩ እየሠራ ያለ አማካሪ አለ? የአማካሪውን የቅርብ ጊዜ የጥናት ጽሑፎች ማንበብና ከቀድሞ ተማሪዎቹ ጋር መነጋገር ይጠቅማል።

3. ቤተ ሙከራው ምን ይዟል? የፒሲአር መሣሪያ፣ ከዜሮ በታች 20 እና 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዙ ማቀዝቀዣዎች እንዲሁም መጠባበቂያ ጄኔሬተር መኖራቸውንና መሥራታቸውን መጠየቅ ነውር አይደለም። ማቀዝቀዣው ለአንድ ሌሊት ቢቋረጥ የወራት ናሙና ሊበላሽ ይችላልና።

4. የኬሚካልና የኢንዛይም ወጪ በማን ይሸፈናል? አብዛኛው ግብዓት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ግዥው ወራት ሊወስድ ይችላል። ትእዛዙ ንድፈ ሐሳቡ እንደጸደቀ ካልተሰጠ የምረቃ ጊዜ ይራዘማል።

5. አማራጭ ዕቅድ አለኝ? ግብዓት ቢዘገይ በይፋ የተቀመጡ የዲኤንኤ መረጃ ቋቶችን በኮምፒውተር በመተንተን ሊሠራ የሚችል ክፍል በጥናቱ ውስጥ ማካተት ይቻላል። ለዚህም የስታቲስቲክስና የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ችሎታን ቀደም ብሎ ማዳበር ይጠቅማል።

6. ትምህርቱ የሚጠይቀውን ጊዜና ትዕግሥት ለመስጠት ዝግጁ ነኝ? በዚህ መስክ ያልተሳካ ሙከራ የዕለት ተዕለት ገጠመኝ ነው። የከሸፈው ለምን እንደከሸፈ በመዝገብ ላይ በታማኝነት ማስፈር የሥራው አካል ነው።

ማጠቃለያ

የሞለኪዩላርና የሕዋስ ባዮሎጂ እንዲሁም የጄኔቲክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከፍተኛ ወጪ፣ ጊዜና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ዋጋው የሚታወቀውም በተመራቂዎች ብዛት ሳይሆን በሚያቀርቡት ውጤት ተዓማኒነት ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ በትክክል የተሠራች አንዲት መቆጣጠሪያ ቱቦና በጤና ኬላ ትኩሳት ይዞት የተቀመጠ ሕመምተኛ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ይህን ትስስር ተገንዝበው ወደ መስኩ የሚገቡ ወጣቶች ለሀገራቸው እውነተኛ አገልግሎት ያበረክታሉ። አመልካቾች የምዝገባ ጊዜን፣ የመግቢያ ፈተናንና ዝርዝር መስፈርቶችን በሚመለከት በየዩኒቨርሲቲዎቹ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች የሚወጡ ይፋዊ ማስታወቂያዎችን ብቻ እንዲከታተሉ እናሳስባለን።